ከአጥንት ናሙና ውስጥ የቆዳ ባክቴሪያ ሲገኝ፦ ውጤቱን እንዴት ማንበብ ይገባል?

«ዲፍቴሮይድ አድጓል፤ የቆዳ ብክለት ሳይሆን አይቀርም» የሚል አንድ መስመር ከላቦራቶሪ ሲመጣ (ዲፍቴሮይድ በቆዳ ላይ የሚኖሩ ዱላ መሰል ባክቴሪያዎች የጋራ ስም ነው)፣ አብዛኛው ሐኪም ወረቀቱን ከታማሚው ካርድ ጋር አያይዞ ወደ ሌላ ሥራው ያልፋል። ናሙናው ከቁስል ላይ የተጠረገ ፈሳሽ ከሆነ እንዲህ ማድረጉ ብዙውን ጊዜ አያስወቅሰውም። ናሙናው የተወሰደው ለወራት ሲያብጥና ሲጠዘጥዝ ከቆየ አጥንት ከሆነ ግን፣ ያችን መስመር ሳይመረምሩ ማለፍም ሆነ የባክቴሪያውን ማደግ ብቻ ሳይመረምሩ ማመን ዋጋ ያስከፍላል። ሐኪሙ ሲያልፋት እውነተኛ የአጥንት ኢንፌክሽን ሳይታከም ሊቀር ይችላል፤ ማደጉን ብቻ ሲያምን ደግሞ መርፌው ከቆዳ ላይ ይዞት የገባው ባክቴሪያ የበሽታው መንሥኤ ተደርጎ ታማሚው ለማያስፈልገው የብዙ ወራት አንቲባዮቲክ ሊዳረግ ይችላል።

ይህ መመሪያ በዋናነት የተጻፈው ለጀማሪ ሐኪሞችና ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች ነው፤ ሆኖም የአጥንት ሕመማቸው ስም ሳያገኝ ከክሊኒክ ክሊኒክ የሚዞሩ ታማሚዎች ቢያነቡት ሐኪማቸውን ምን ብለው መጠየቅ እንዳለባቸው ይረዱበታል። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ የምይዘው አቋም፣ እንዲህ ያለ ውጤት ትርጉም የሚያገኘውም ሆነ ትርጉም የሚያጣው በአብዛኛው ናሙናው ላቦራቶሪ ከመድረሱ በፊት በተሠራው ሥራ ነው የሚል ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ የትኛው ባክቴሪያ ነው የምንነጋገረው?

የነገሩ ባለቤት ኪውቲባክቴሪየም አክነስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። እስከ 2016 ድረስ ፕሮፒዮኒባክቴሪየም አክነስ ይባል ስለነበር፣ በቆዩ መጻሕፍትና በብዙ የላቦራቶሪ ቅጾች ላይ ዛሬም የሚገኘው በዚሁ በአሮጌው ስሙ ነው። በግራም ቀለም ሐምራዊ የሚሆን ዱላ መሰል ባክቴሪያ ሲሆን፣ ኦክስጅን በሌለበት ወይም እጅግ በሳሳበት ቦታ ያድጋል። መኖሪያው የቆዳ ላይኛው ገጽ ሳይሆን በፀጉር ሥር ያለው የቅባት ዕጢ ነው፤ በዚያ ተቀምጦ የቅባቱን ስብ እየሰባበረ ፕሮፒዮኒክ አሲድ ያመነጫል፣ የቀድሞ ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። በመሆኑም በብዛት የሚገኘው ቅባት በሚበዛባቸው ቦታዎች፣ ማለትም በፊት፣ በደረት፣ በላይኛው ጀርባና በትከሻ ላይ ነው። ብጉር ያለበት ሰው ብቻ ሳይሆን ጤነኛው ሰው ሁሉ ይሸከመዋል።

መኖሪያው ጥልቅ መሆኑን አንባቢው እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ከዚህ በታች የሚመጣው የናሙና አወሳሰድ ምክር ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነውና። አልኮልም ሆነ ክሎርሄክሲዲን የቆዳውን ገጽ ቢያጸዱም በዕጢው ውስጥ የተሸሸገውን ባክቴሪያ ሙሉ በሙሉ አይደርሱበትም፤ ቢላዋው ቆዳውን ሲሰነጥቅ ዕጢዎቹም አብረው ይሰነጠቃሉ።

ይህ ባክቴሪያ ወደ አጥንት ሲደርስ የሚያደርገው ነገር ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ከሚያደርገው በእጅጉ ይለያል። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ከሦስት ሰዎች በአንዱ አፍንጫ ውስጥ ያለ ጉዳት የሚኖር ቢሆንም፣ አጥንት ውስጥ ሲገባ ትኩሳት፣ መግልና የአጥንት መሞት የሚያስከትል ግልጽ ጠላት ነው። ኪውቲባክቴሪየም አክነስ ግን ዝግተኛ ነው። የሰውነት መከላከያ የሆኑት ማክሮፋጅ የተባሉት ሕዋሳት ከዋጡት በኋላ እንኳ በቀላሉ አይሞትም፤ ባዮፊልም የሚባለውን ሙጫ መሰል ሽፋን ሠርቶም ራሱን ይከልላል። ሳይሞት በተቀመጠ ቁጥር ደግሞ የመከላከያ ሕዋሳቱ ኢንተርሉኪን-1 ቤታንና ቲ-ኤን-ኤፍን የመሳሰሉ የብግነት መልእክተኞችን እንዲረጩ ይቀሰቅሳል። እነዚህ መልእክተኞች አጥንት የሚበሉትን ሕዋሳት የሚያነሣሡ ሲሆን፣ ብግነቱ ሲቆይ አጥንቱ በአንድ በኩል እየተበላ በሌላ በኩል ደግሞ እየወፈረና እየጠጠረ ይሄዳል።

በአዋቂዎች ላይ ይህ ገጽታ ጎልቶ የሚታይበት በሽታ ሳፎ ሲንድረም ይባላል። ስሙ በ1987 በፈረንሳይ የመገጣጠሚያ በሽታ ሐኪሞች የወጣ ሲሆን፣ የአምስት ነገሮች የመጀመሪያ ፊደላት ጥምረት ነው፦ የመገጣጠሚያ ሽፋን ብግነት፣ ብጉር፣ መግል የቋጠረ ሽፍታ፣ የአጥንት መወፈርና የአጥንት ብግነት። ከእነዚህ ታማሚዎች አጥንት ኪውቲባክቴሪየም አክነስ በተደጋጋሚ መገኘቱ «በሽታውን የሚቀሰቅሰው ይህ ባክቴሪያ ነው» የሚለውን መላ ምት አስነሥቷል።

መላ ምቱ ግን አልተረጋገጠም፤ እኔም በግማሽ ልብ ነው የማምነው። በ2009 በጀርመን የታተመ አንድ ጥናት ለሳፎ ታማሚዎች ለ16 ሳምንታት አንቲባዮቲክ፣ በአብዛኛው አዚትሮማይሲን፣ ሰጥቶ ነበር። መድኃኒቱን በሚወስዱበት ጊዜ ቆዳውም ሆነ አጥንቱ ተሻሻለ፤ መድኃኒቱ ሲቆም ግን መሻሻሉ አብሮ ጠፋ። ተራ ኢንፌክሽን ቢሆን ኖሮ ከአራት ወር ሕክምና በኋላ በዚህ ፍጥነት መመለሱ ግራ ያጋባል፤ በዚያ ላይ አዚትሮማይሲንና ዶክሲሳይክሊን ባክቴሪያን ከማጥቃታቸው ሌላ ብግነትን በራሳቸው የማብረድ ጠባይ አላቸው። እንዲሁም የብዙ ሳፎ ታማሚዎች የአጥንት ናሙና ምንም ባክቴሪያ አያሳድግም፣ መከላከያን የሚያዳክሙ መድኃኒቶችም ሕመሙን ከማባባስ ይልቅ ብዙ ጊዜ ያስታግሱታል። ስለዚህ ባክቴሪያው ምናልባት በዘር በተዘጋጀ ሰውነት ላይ ቁጣውን የሚጭር እንጂ ቁጣውን ብቻውን የሚያቆይ አይመስለኝም። ይህ ለተመራማሪ የቀረበ የንድፈ ሐሳብ ክርክር ብቻ አይደለም፤ ከታች እንደሚታየው፣ አንቲባዮቲኩ መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ይኸው ነው።

መጀመሪያ ካልሲው ይውለቅ

የደረት አጥንቴን ያመኛል ብሎ የመጣ ሰው ስለ ውስጥ እግሩ በራሱ አይናገርም፤ የሚያያይዘው ነገር የለምና። አንዲት የአርባ ዓመት ሴትን እንውሰድ። ከአንገቷ ሥር፣ ክላቪክል የተባለው አጥንት ከፍርንባው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ እብጠት አላት፤ ሌሊት ሕመሙ ይቀሰቅሳታል፣ ልብሷን በራሷ ላይ ስታወልቅ ትከሻዋ ይያዛል። የልብ ምርመራ ተደርጎላት ደኅና ተብላለች፤ የጨጓራ መድኃኒትም ወስዳለች። ጫማዋን አውልቃ ስትመረመር ግን በውስጥ እግሯ ቅስት ላይ የስንዴ ፍሬ የማያህሉ ቢጫ የመግል ነቁጦች፣ በአጠገባቸውም ደርቀው ቡናማ የሆኑና እየተላጡ ያሉ ይታያሉ። እሷ «የእግር ፈንገስ ነው፣ ሲመጣ ሲሄድ ኖሯል» ትላለች። ምርመራው ያኔ አቅጣጫውን ይለውጣል።

ስለዚህ ምርመራው በዚህ መልክ ቢካሄድ ይጠቅማል። መዳፍና ውስጥ እግር በጥሩ ብርሃን ይታዩ፤ ፊት፣ ደረትና ጀርባ ላይ ያለ ብጉርም ሆነ የብጉር ጠባሳ ይመዝገብ፤ በብብትና በብሽሽት እየተመላለሰ የሚወጣ እባጭ ወይም የጭንቅላት ቆዳ ላይ ያለ ቅርፊት ካለ ይጠየቅ። ጥያቄው «አሁን ሽፍታ አለብዎት ወይ?» ተብሎ ብቻ ከቀረበ መልሱ አሳሳች ሊሆን ይችላል፤ የቆዳውና የአጥንቱ ሕመም በብዙ ዓመታት ተራርቀው ሊመጡ ስለሚችሉ፣ በወጣትነት የነበረ ከባድ ብጉርም ይቆጠራል። በጥቁር ቆዳ ላይ ብግነት እንደ መማሪያ መጻሕፍቱ ሥዕል ቀይ ሆኖ አይታይም፤ ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ጥላ ሆኖ ስለሚታይ፣ ቀዩን ብቻ የሚፈልግ ዓይን ያልፈዋል። ፊት ለማቅላት ወይም ለማሳመር የሚቀቡ ስቴሮይድ ያለባቸው ክሬሞችም መጠየቅ አለባቸው፤ ሽፍታውን ለጊዜው ይደብቁታል፣ በራሳቸውም ብጉር ያስወጣሉ።

ከሽፍታው የመግል ነቁጥ ተጠርጎ ለካልቸር (ባክቴሪያ አሳድጎ ለማየት) ቢላክ በአብዛኛው ምንም አያድግም። ይህ የምርመራ ስሕተት ሳይሆን የበሽታው ጠባይ ነው፤ መግሉ የነጭ ደም ሕዋሳት ክምችት እንጂ የባክቴሪያ ጎጆ አይደለም። ሲጋራ ማጨስ ከዚህ የመዳፍና የውስጥ እግር ሽፍታ ጋር በጠበቀ ሁኔታ የተያያዘ ስለሆነ፣ ታማሚው ያጨስ እንደሆነም ይጠየቅ።

አጥንቱን በሚመለከት፣ ሕመም ያለበትን ብቻ ሳይሆን ፍርንባውን፣ ሁለቱንም ክላቪክሎችና የላይኞቹን የጎን አጥንቶች መጋጠሚያ በጣት ጫፍ እየተጫኑ ማነጻጸር፣ ከዚያም አከርካሪውንና ዳሌውን መፈተሽ ያስፈልጋል። ያበጠ አጥንት ወጌሻ ዘንድ ሄዶ እንዳይታሽ ለታማሚው መንገር አይከፋም። ወጌሻ ለወለምታ ያለው ሙያ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በብግነት ወይም በነቀርሳ (ቲቢ) የሳሳ አጥንት በመታሸት ሊሰበር ይችላል። የአጥንት ስካን በሚገኝበት ቦታ፣ ሁለቱ ክላቪክሎችና የፍርንባው ላይኛ ክፍል አብረው ሲደምቁ የሚሠሩት የኮርማ ራስ መሰል ምስል ሳፎን አጥብቆ ይጠቁማል፤ እንዲህ ያለ ምስልና ግልጽ የቆዳ ምልክት አብረው ከተገኙ ናሙና መውሰድ ራሱ አላስፈላጊ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከሁሉ በፊት ነቀርሳ

የአከርካሪ አጥንት ተበልቶ በኢትዮጵያ ሐኪም ፊት ሲቀርብ መጀመሪያ የሚታሰበው የአጥንት ነቀርሳ ነው፤ መታሰቡም ተገቢ ነው። አገሩን ለቆ በሌላ አገር የሚኖር ሰው ላይም እንዲሁ መታሰብ አለበት፤ ተኝቶ የቆየ ነቀርሳ ከብዙ ዓመት በኋላ ሊነሣ ይችላልና። ጥሬ ወተት የሚጠጣ ወይም ከብት የሚያረባ ሰው ላይ ከእንስሳት የሚተላለፈው ብሩሴላ የተባለ ባክቴሪያ፣ በልጅና በወጣት ላይ ደግሞ የአጥንት ካንሰርና የደም ካንሰር ሳይወገዱ ወደ ሳፎ መሮጥ አይገባም። ሳፎ ሌሎቹ ከተወገዱ በኋላ የሚሰጥ ስም ነው።

በዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለ። ነቀርሳ ሳይወገድ ሌቮፍሎክሳሲን፣ ሞክሲፍሎክሳሲን ወይም ሪፋምፒሲን «ለቆዳው ባክቴሪያ» ተብሎ መጀመር የለበትም። እነዚህ መድኃኒቶች የነቀርሳን ባክቴሪያም በከፊል ስለሚያጠቁ፣ ሕመሙን ለጊዜው ጋብ አድርገው ምርመራውን ያጨልማሉ፣ መድኃኒት ለተላመደ ነቀርሳም በር ይከፍታሉ። ሕመሙ መቅለሉ ሐኪሙንም ታማሚውንም ያታልላል።

ናሙናው እንዴት ይወሰድ?

ናሙና እንዲወሰድ ከተወሰነ፣ የመጀመሪያው ሥራ አንቲባዮቲክን ማቆም ነው። ታማሚው ከፍተኛ ትኩሳት ወይም የደም መመረዝ ምልክት ከሌለው፣ ናሙናው ከመወሰዱ በፊት ቢያንስ ለሁለት ሳምንታት ምንም አንቲባዮቲክ ባይወስድ ይመረጣል። ጥያቄው «ሐኪም ያዘዘልዎት አንቲባዮቲክ አለ?» ብቻ ከሆነ ከመድኃኒት ቤት በራሱ የገዛውን አሞክሳሲሊን ታማሚው አይጠቅሰውም፤ «ለጉሮሮ፣ ለጥርስ፣ ለብጉር የወሰዱት እንክብል አለ ወይ?» ተብሎ በዝርዝር ይጠየቅ። ለብጉር የሚታዘዝ ዶክሲሳይክሊንም አንቲባዮቲክ መሆኑ ይረሳል።

በትከሻ አካባቢ ለሚደረግ ቀዶ ጥገና፣ ቀደም ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት 5 በመቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ በቆዳው ላይ መቀባት የባክቴሪያውን ብዛት እንደሚቀንስ ታይቷል። ይህ ለብጉር የሚሸጠው የታወቀው ቅባት ነው፤ ጨርቅ ስለሚያነጣ ታማሚው አሮጌ ልብስ እንዲለብስ ይነገረው።

በቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ የሚከተሉት ዝርዝሮች ውጤቱን ይወስናሉ። ቆዳውን የሰነጠቀው ቢላዋ ወደ ጥልቅ ሕብረ ሕዋስ አይገባም፤ በሌላ ይተካል። ናሙናው ቁራሽ አጥንት ወይም ሕብረ ሕዋስ እንጂ በስዋብ የተጠረገ ፈሳሽ መሆን የለበትም፤ በቆዳ ላይ ከተከፈተ የመግል መውጫ ቀዳዳ የሚወሰድ ናሙናም የቀዳዳውን ነዋሪ እንጂ የአጥንቱን አይናገርም። አምስት ናሙናዎች ቢወሰዱ መልካም ነው፤ ከሦስት ማነስ ግን የለበትም። እያንዳንዱ ናሙና ከተለያየ የቁስሉ ክፍል፣ ባልተነካ መሣሪያ ተነሥቶ፣ በየራሱ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ መግባት አለበት። በአንድ መቆንጠጫ ተነሥተው በአንድ ዕቃ የገቡ አምስት ቁራሾች እንደ አንድ ናሙና ይቆጠራሉ፤ ብክለቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ተላልፏልና። ናሙናው በመርፌ ሲወሰድ (የመርፌ ባዮፕሲ) አምስት ናሙና ማግኘት ባይቻል እንኳ መርፌው ከተሸፋፈነበት ቱቦ ሳይወጣ ቆዳውን ማለፉ ይረጋገጥ።

አንድ ቁራሽ ለፓቶሎጂ (ሕብረ ሕዋሱን በማይክሮስኮፕ ለሚያይ ምርመራ) ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ የሚደርሰው አደጋ የታወቀ ነው፦ የቀዶ ጥገና ክፍሉ በለመደው መንገድ ሁሉንም ቁራሾች ፎርማሊን ውስጥ ይከታቸዋል፣ ካልቸር የሚባል ነገርም ከዚያ በኋላ አይኖርም። ፎርማሊን ውስጥ የገባ ባክቴሪያ ሞቷል፤ ታማሚው እንደገና መከፈት ይኖርበታል። ስለዚህ ዕቃዎቹ ከቀዶ ጥገናው በፊት «ካልቸር፣ ፎርማሊን አይጨመር» ተብሎ ተጽፎባቸው በቁጥር ይደርደሩ። ለነቀርሳ የሚሄደው ቁራሽም ለጂን-ኤክስፐርት (ነቀርሳን በዘረ መሉ ለሚፈልግ ምርመራ) እና ለነቀርሳ ካልቸር በተለየ ዕቃ ይቀመጥ፤ ቦታ ሲጠብ የሚቀረው እሱ እንዳይሆን።

በላቦራቶሪው ውስጥ

ሐኪሙ ለላቦራቶሪው ቅጹ ላይ «የአጥንት ናሙና፤ ኪውቲባክቴሪየም አክነስ ይጠረጠራል፤ ኦክስጅን በሌለበት ጭምር ይደግ፤ 14 ቀን ይቆይ» ብሎ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ ባለሙያው በልማዱ በሁለተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ሳህኑን ይጥለዋል፤ ባክቴሪያው ደግሞ ሲበዛ ዝግተኛ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ከቀዶ ጥገና ክፍል ወጥቶ በላቦራቶሪው መስኮት በኩል ለባለሙያው በአፍ መንገር ከቅጹ የበለጠ እንደሚሠራ ብዙዎች ይመሰክራሉ።

ቁራሹ በንጽሕና ከተፈጨ በኋላ በብለድ አጋር ሳህን (ደም ያለበት የባክቴሪያ ማሳደጊያ) ላይ በአየርም፣ በአናኤሮቢክ ጃር (ኦክስጅን በሌለበት ዕቃ) ውስጥም ይዘራል፤ ከዚህ በተጨማሪ በታዮግላይኮሌት ብሮዝ (በቱቦ ያለ ፈሳሽ ማሳደጊያ) ውስጥ ይቀመጣል። አናኤሮቢክ ጃር በሌለበት ላቦራቶሪ ብሮዙ ብቻውን ጥሩ ምትክ ነው፤ የቱቦው ታችኛ ክፍል ኦክስጅን የለበትምና። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቱቦው ጥርት ያለ ይሆናል። ከሳምንት በኋላ በብርሃን ፊት ሲያዙት ከታች ወደ መሐል የሚነሣ ስስ የጉም ክር ወይም የዳቦ ፍርፋሪ የመሰለ ዝቃጭ ሊታይ ይችላል፤ ላይኛው ክፍል ግን ጥርት እንዳለ ይቆያል። ከዚያ የተወሰደ ጠብታ በግራም ቀለም ሲታይ ቀጫጭን፣ ያልተስተካከሉ፣ እርስ በርሳቸው በማዕዘን የተገጣጠሙ ሐምራዊ ዱላዎች ይገኛሉ፤ ባለሙያዎች ከቻይና ጽሕፈት ጋር የሚያመሳስሉት ይህንኑ ነው። በሳህን ላይ ሲያድግ ትንንሽ ነጣ ያሉ ጉብታዎች ይሠራል፤ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ሲንጠባጠብበት አረፋ ያወጣል፣ የኢንዶል ምርመራውም በአብዛኛው ፖዘቲቭ ነው። ዘመናዊ መለያ መሣሪያ በሌለበት እነዚህ ሁለት ርካሽ ምርመራዎች ከሌሎቹ ዲፍቴሮይዶች ለመለየት ብዙ ይረዳሉ።

ውጤቱ ሲጻፍ «አድጓል» ማለት ብቻ አይበቃም። ከስንት ናሙናዎች በስንቱ፣ በስንተኛው ቀን፣ በሳህን ላይ ነው ወይስ በብሮዝ ብቻ የሚለው መጻፍ አለበት። ሐኪሙ የሚፈርደው በእነዚህ ሦስት መረጃዎች ነው።

ባክቴሪያን በዘረ መሉ የሚፈልገው ፒ-ሲ-አር አንቲባዮቲክ ለወሰደ ታማሚ ይጠቅማል፤ ነገር ግን የሞተውንም፣ ከቆዳ የገባውንም ሳይለይ ስለሚያገኝ ከካልቸር ይልቅ በጥንቃቄ ይነበብ።

ውጤቱን ማንበብ

ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ከጥልቅ አጥንት በአንድ ናሙና እንኳ ቢያድግ በቁም ነገር ይወሰዳል። ለኪውቲባክቴሪየም አክነስና ለሌላው የቆዳ ነዋሪ ለስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ ግን ሕጉ የተለየ ነው፤ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ናሙናዎች ካልተገኘ ኢንፌክሽን አይባልም። ከአምስት ናሙና በአንዱ ብቻ፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ በብሮዝ ውስጥ ብቻ ያደገ ባክቴሪያ ብክለት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ከአምስቱ በአራቱ፣ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን፣ በሳህን ላይ ያደገ ከሆነ ግን ብክለት ነው ብሎ መከራከር ያስቸግራል። በመካከል ያለው፣ ሁለት ከአምስት የሆነው፣ የሚፈታው በፓቶሎጂውና በታማሚው ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥያቄ በሰውነቱ ውስጥ ብረት ወይም ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ አለ ወይ የሚለው ነው። ሰው ሠራሽ የትከሻ መገጣጠሚያ ላይ ከሚደርሱ ኢንፌክሽኖች ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ይኸው ባክቴሪያ ነው፤ የሚመጣውም ያለ ትኩሳት፣ ያለ መግል፣ ከቀዶ ጥገናው ወራት ወይም ዓመታት በኋላ በሚጀምር ሕመምና መድረቅ ነው። ሲ-አር-ፒ የተባለው ብግነትን የሚያሳይ የደም ምርመራ በብዙዎቹ ላይ መደበኛ ስለሚሆን «ደሙ ንጹሕ ነው» ብሎ መዝጋት አይቻልም። እንዲህ ባለ ታማሚ ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ ናሙና ፖዘቲቭ ከሆነ ጉዳዩ እውነተኛ ኢንፌክሽን ነው፤ ባዮፊልሙ ብረቱ ላይ ስለሚጣበቅ ቀዶ ጥገና ከአንቲባዮቲክ ጋር ተጣምሮ ይሰጣል፣ መድኃኒቱም ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንታት ይቆያል።

ብረት የሌለበት፣ የቆዳ ምልክት ያለው፣ ሕመሙ በፍርንባና በክላቪክል ላይ የሆነ ታማሚ ከሆነ ግን ሥዕሉ የሳፎ ነው፤ ባክቴሪያው ቢገኝም ባይገኝም ስሙ አይለወጥም። ምንም አለማደጉ ሳፎን አያስቀርም፣ ማደጉም ብቻውን አያጸድቀውም። ፓቶሎጂው የሚያሳየው የነጭ ደም ሕዋሳት ክምችት፣ ኋላም የአጥንት መጠጠርና መጠባበስ ከተራ የአጥንት ኢንፌክሽን ብዙም ስለማይለይ፣ ከፓቶሎጂው የሚጠበቀው ዋና አገልግሎት ካንሰርንና ነቀርሳን ማስወገድ ነው።

በልጆች ላይ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ1972 መጀመሪያ የተገለጸውና በብዙ አጥንቶች ላይ እየተመላለሰ የሚመጣው የልጆች የአጥንት ብግነት የሳፎ ዘመድ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ከናሙናው ግን ባክቴሪያ የሚገኘው ከስንት አንድ ነው፣ አንቲባዮቲክም በአብዛኛው አይረዳም። የሙሉ ሰውነት ኤም-አር-አይ ሲነሣ ልጁ ያልተናገራቸው ቦታዎች ይገኛሉ። ተመሳሳይ በሽታ በዘር ባለባቸው አይጦች ላይ በ2014 የታተመ ጥናት፣ ምግባቸው ሲለወጥ የአንጀት ባክቴሪያቸው እንደሚለወጥና ከበሽታው እንደሚጠበቁ አሳይቷል። ይህ ዓይንን ከቆዳ ወደ አንጀት የሚያዞር ግኝት ቢሆንም፣ በሰው ልጅ ላይ ሕክምና የሚሆንበት ደረጃ አልደረሰም።

ሕክምናውና የማቆሚያው ቀን

የሳፎ ሕክምና በአብዛኛው የሚጀምረው እንደ ናፕሮክሰንና ኢንዶሜታሲን ባሉ ብግነት አብራጅ መድኃኒቶች ሲሆን፣ የጨጓራ ቁስለትና የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ላይ ጥንቃቄ ያሻል። እነሱ ካልበቁ ፓሚድሮኔትን የመሳሰሉ ቢስፎስፎኔቶች (የአጥንት መበላትን የሚገቱ መድኃኒቶች) የአጥንቱን ሕመም በደንብ የሚያስታግሱባቸው ታማሚዎች አሉ፤ ከመስጠቱ በፊት ጥርስ ይታይ፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ይሟላ፣ ልትወልድ የምታስብ ሴትም ይህን ለሐኪሟ ትንገር። ሜቶትሬክሴትና ቲ-ኤን-ኤፍን የሚያግዱት መድኃኒቶች የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ቲ-ኤን-ኤፍ አጋጅ ከመጀመሩ በፊት የተደበቀ ነቀርሳ መፈተሽ ግዴታ ነው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ራሳቸው አንዳንዴ የመዳፍና የውስጥ እግር ሽፍታን እንደሚያስነሡም ይታወቅ።

አንቲባዮቲክ የሚገባው ባክቴሪያው በአሳማኝ መንገድ ከተገኘ ወይም የቆዳው ብጉር ራሱ የሚያስፈልገው ከሆነ ነው፤ ምርጫው ብዙውን ጊዜ ዶክሲሳይክሊን ወይም አዚትሮማይሲን ነው። ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፣ ለትንንሽ ልጆችም አይመከርም። «ኦክስጅን የማይወድ ባክቴሪያ ነው» በሚል ሜትሮኒዳዞል ማዘዝ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ኪውቲባክቴሪየም አክነስ ከዚያ ወገን ቢሆንም ሜትሮኒዳዞል በተፈጥሮው አይነካውም። በአንጻሩ ፔኒሲሊን ይሠራበታል፤ ለብጉር ለረጅም ጊዜ ከተቀቡትና ከተዋጡት መድኃኒቶች የተነሣ ክሊንዳማይሲንና የአዚትሮማይሲን ወገኖች የማይሠሩበት ዝርያ እየበዛ ስለመጣ፣ ባክቴሪያው ካደገ የመድኃኒት ምርመራው አብሮ ይጠየቅ።

አንቲባዮቲክ ሲታዘዝ የሚቆምበት ቀን በዚያው ቀን በካርዱ ላይ ይጻፍ። ከዚያ በፊት የሕመሙ መጠን ከ0 እስከ 10 በታማሚው አንደበት፣ የእብጠቱ ስፋት በሴንቲሜትር፣ የመዳፍና የውስጥ እግር ሽፍታው በፎቶግራፍ ይመዝገብ፤ የሚቻል ከሆነ ኤም-አር-አይ መነሻ ሆኖ ይቀመጥ። የተባለው ቀን ሲደርስ እነዚሁ መለኪያዎች ይደገማሉ። ለውጥ ከሌለ መድኃኒቱ ይቆማል እንጂ «ትንሽ እንጨምርበት» አይባልም። ለውጥ ካለም ይቆምና ታማሚው ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ ይታያል፤ በዚያን ጊዜ ሕመሙ ተመልሶ ከተገኘ፣ ሁለተኛው ትእዛዝ ያው አንቲባዮቲክ ሳይሆን ወደ መገጣጠሚያ በሽታ ሐኪም የሚጻፍ የሪፈር ወረቀት ነው። በዚያ ወረቀት ላይ የናሙናዎቹ ቁጥር፣ ያደጉበት ቀንና የተወሰደው አንቲባዮቲክ ከነመጠኑ ይስፈሩ፤ ከወረቀቱ ጋርም የውስጥ እግሩ ፎቶግራፍ ይያያዝ።